አባቴ ለሁለት ቡድን የዳሩኝ ጊዜ

ንፋስ መውጫ ሻይ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ሰው ያዝንልኛል። አዛኙ ብዙ ጊዜ ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የእንግሊዝን አሰልጣኞች ሲያባርርና ሲቀጥር የሚውል ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ያን ያህል እየቻሉ ፕሪሚየር ሊግ ሳይገቡ መቅረትዎ ያሳዝናል» ይለኛል። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ፤ የመጣ ሐዘንተኛ አይመለስም። እውነቱን ከተናገርን ግን የሚያሳዝነው እሱ ነው። አንድ ከተማ ሙሉ በአንድ ድምፅ ሰድቦት አያውቅም። ይህ ሳይደርስበት የሚያረጅ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ነገር ሳያውቅ ይቀራል።

የመስመር ተጫዋች ነበርኩ፤ በግራ በኩል። የተጫወትኩባቸው ሊጎች ስማቸው በየጊዜው ስለሚለወጥ የትኛው ውስጥ እንደነበርኩ በትክክል አላውቅም። ሁልጊዜ ከላይኛው በታች እንደነበሩ ግን አውቃለሁ። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ አሰላ፣ ከአሰላ ወደ ሶዶ፣ ከዚያ ነቀምት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን። በየሄድኩበት የቤት አከራይ እናት አገኘሁ፤ በየአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ከየከተማው አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁትን አነበብኩ። ጓደኞቼ ካርታ ሲጫወቱ እኔ ሳነብ አሰልጣኞቹ ይጨነቁ ነበር። አንዱ እንዲያውም «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ደርሶበታል፣ አነጋግሩት» ብሎ ነበር።

የመስመር ተጫዋች ሥራው ከሌሎቹ ይለያል። አጥቂው የሚኖረው ከግብ ጠባቂው ጋር ነው፣ ተከላካዩ ከአጥቂው ጋር፤ የመስመር ተጫዋች የሚኖረው ከሕዝቡ ጋር ነው። በታችኛው ሊግ ደግሞ በመስመሩና በሕዝቡ መካከል አጥር የለም። ገመድ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አገሬን የማውቃት በስድቧና በደግነቷ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ሲወጡ ሰምቻለሁ። እንግዳ ቡድን ሆነን አሰላ በሄድንበት ጨዋታ አንዲት እናት ከማዕዘን መምቻው አጠገብ ቆሎ ይሸጡ ነበር። ልመታ በሄድኩ ቁጥር «አንተ ሌባ፣ ልጆቻችንን ጨረስካቸው» ይሉኝና እፍኝ ሙሉ ቆሎ እጄ ላይ ያደርጋሉ። «ቃም አድርግ፣ ፊትህ ጠውልጓል።» ዳኛው ቆሎ በአፍ ይዞ መምታትን የሚከለክል ሕግ እንዳለ ለማስታወስ ትንሽ ሞከረና ተወው።

ስለ ማሊያ ፍቅርም ብዙ ይወራል። ዕድሜውን በአንድ ቡድን የጨረሰ ተጫዋች እንደ ሰማዕት ይቆጠራል፤ የተዘዋወረው እንደ ከሃዲ። እኔ የማውቃቸው ታማኞች አብዛኞቹ የቆዩት ሌላ የጠራቸው ስለሌለ ነው። ደግሞም የእኛን አገር ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው። ከመምህር ወደ መምህር፣ ከደብር ወደ ደብር እየዞረ ዜማ በአንዱ፣ ቅኔ በሌላው፣ ድጓ በሦስተኛው የተማረን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ሊቅ ትሉታላችሁ። ታዲያ አንዱን የማሻማት ስልት በወልድያ፣ ሌላውን በሶዶ የተማረ ሰው ምን በደለ? አባቴ ራሳቸው ጎጃምንም ወሎንም በእግራቸው ዞረው ነው መሪጌታ የሆኑት። እኔ ቢያንስ በአውቶቡስ ነበር።

ይህን ክርክር ለአባቴ አንድ ጊዜ አቅርቤላቸው ነበር። «እኔ ስዞር የሚከተለኝ ውሻ ብቻ ነበር፤ አንተን ግን ሕዝብ ነው የሚከተልህ» አሉኝና ዘጉት።

አባቴ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር ናቸው። ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ከየአገሩ ተምሮ የመጣ ሁሉ ማወቁን የሚያስመሰክረው እዚሁ ቤተ ልሔም ነው። በጉባኤያቸው ተማሪ ስለነበርኩ እንደ ሌላው ሁሉ «የኔታ» ነበር የምላቸው፤ አባትነታቸው ትዝ የሚለኝ ሲቆጡኝ ብቻ ነበር። እናቴ ደግሞ ስማዳ ናት፣ የወገዳ አካባቢ ሰው። አዝመራ ሲሰበሰብ ወደ አጎቴ ዘንድ እላክ ነበር። ገብሱ ከተነሣበት ማሳ ላይ ከስማዳ ልጆች ጋር ኳስ እጫወታለሁ። ወደ ጋይንት ስመለስ ደግሞ ለንግሥም ለገበያም ሰበብ እየፈለግኩ ንፋስ መውጫ እሄድና ከዚያ ልጆች ጋር እጫወታለሁ። ሁለት ቡድን ነበረኝ ማለት ነው። ሁለቱ እስካልተጋጠሙ ድረስ ደግሞ ሁለት ቡድን ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ኑሮ ነው የሚኖረው።

ተጋጠሙ። አንድ ዓመት በበጋ ሁለቱ ጎረቤት ወረዳዎች፣ ጋይንትና ስማዳ፣ ንፋስ መውጫ ላይ እንዲጫወቱ ተባለ። ላይም ታችም ጋይንት ያኔ ለኳስ ሲሆን አንድ ነበሩ። ያሸነፈው ደብረ ታቦር ሄዶ ከሌሎቹ ወረዳዎች ጋር ይወዳደራል፤ እዚያ ደግሞ ከየክለቡ ተጫዋች ሊመለምሉ የሚመጡ ሰዎች ይኖራሉ። ለእኔ ሌላ በር አልነበረም። ወደ ደብረ ታቦር መሄድ ማለት ግን ድጓውን ከመሐሉ ጥሎ ከጉባኤው መውጣት ማለት ነው። ይህን አባቴ ያውቃሉ፣ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ሁለታችንም አናነሣውም።

መጀመሪያ የመጡት የጋይንት ሽማግሌዎች ናቸው። ለኳስ ተጫዋች ሽማግሌ መላክ ዛሬ ያስቃል፤ ያኔ ግን የመሪጌታን ልጅ ከጉባኤ ለማውጣት ሌላ መንገድ የሚያውቅ አልነበረም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ እንደ ወጉ ከደጅ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ፣ ቁጭ በሉ» አሉ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ የኔታ።»

«ምን ጉዳይ?»

«የልጅ ጉዳይ ነው።»

አባቴ ትንሽ አሰቡ። «ሴት ልጅ የለኝም።»

«ወንዱን ነው የምንፈልገው።»

«ለማን?»

«ለጋይንት።»

በእኛ አገር ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን መልስ አያገኝም። «ዘመድ ላማክር» ይባላል፤ ቀን ይቀጠራል፤ በሁለተኛውም ቀን ሰበብ ይፈጠራል። አባቴ ግን ወዲያውኑ «እሺ፣ አጫውቱት» አሉ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። አንደኛው ረጅም ንግግር አዘጋጅተው መጥተው ነበርና ከእሺታው በኋላም ቢሆን ተናገሩት፤ አባቴም ያልተስማሙ ይመስል በትዕግሥት አዳመጧቸው። እኔ ከጎጆው ጀርባ ሆኜ ደስታዬን የምይዝበት ቦታ አጣሁ። መጠርጠር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የስማዳዎቹ በበቅሎ መጡ፤ የሚመሯቸው አጎቴ ነበሩ። ያን ገደል መንገድ ወርደው ወጥተው አቧራ መስለዋል። እነሱም ቆሙ፣ እነሱም አንቀመጥም አሉ። አባቴ አሁንም ሳያመነቱ «እሺ» አሉ።

እንግዶቹ እንደተሸኙ ሮጬ ሄድኩ። «የኔታ፣ ለጋይንት እሺ ብለዋል እኮ!»

«ብያለሁ።»

«ለስማዳም እሺ አሉ!»

«ሽማግሌ አላሳፍርም። ወደ ድጓህ ተመለስ።»

የደብሩ ሰው ሁሉ «የኔታ የዋህ ናቸው፣ እምቢ ማለት አይችሉም» አለ። እኔም አመንኩ። አባትን እንደ የዋህ ማየት ለልጅ የሚመች ነገር ነው፤ ራሱን ብልህ አድርጎ እንዲያስብ ያግዘዋል።

ነገሩ በገበያ ቀን ታወቀ። ጋይንቶች «ልጁ የእኛ ነው፣ በእኛ ደብር ያደገ» አሉ። ስማዳዎች «ደሙ የእኛ ነው፣ ኳስ ያስተማረው የእኛ ማሳ ነው» አሉ። የኔታን ቃል አባይ ማለት ስለማይቻል ስድቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከሁሉ የባሰው የጋይንቱ አጥቂ ነበር። የንፋስ መውጫ ልጅ ነው፣ ጓደኛዬ፣ ኳስን በኃይል በመምታት የሚታወቅ፤ አቅጣጫውን ግን ራሱም አስቀድሞ አያውቀውም። በመንገድ ሲያገኘኝ «ወይ ጉድ! ሁለት ሰርግ ተደግሶ ሙሽራው አንድ! በየትኛው ድንኳን ነው የምትበላው?» እያለ ሰው ይሰበስብብኝ ነበር።

ሁለቱም ወገን «ያለ እሱ አንጫወትም፣ ከእነሱ ጋር ከሆነም አንጫወትም» ብሎ ጨዋታው ሊፈርስ ሆነ። እኔ ድጓዬ ላይ ተቀምጬ አንድም ቃል አይገባኝም። አባቴ ግን በእነዚያ ቀናት ፊታቸው በርቶ፣ ዜማቸው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጣፍጦ ነበር።

ያዳነኝ አንድ የጎረቤቱ ወረዳ የእስቴ ሰው ነው። ከመካነ ኢየሱስ የመጣ የስፖርት መምህር ነበር። ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ እንዲዳኝ ተመርጦ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ቆሞ ሰማቸውና፦

«አባቶቼ፣ ጨዋታው ስንት አጋማሽ አለው?» አላቸው።

«ሁለት።»

«ልጁስ ስንት ወገን አለው?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ምን ያጣላችኋል? የመጀመሪያውን ለጋይንት፣ ሁለተኛውን ለስማዳ ይጫወት።»

ፍርዱ በአንድ ቃል ጸደቀ። የእኛ አገር ፍርድ ጥሩነቱ የሚታወቀው ሁለቱም ወገን እኩል ሲያኮርፍ ነው። አባቴ ሲነገራቸው «ጥሩ ፍርድ ነው» አሉ፤ ተማሪ ዜማ ሲስትባቸው በሚናገሩበት ድምፅ። «የሰጠሁት ቃል ነው። ሲፈጸም ቆሜ አያለሁ።»

ሜዳው ጥምቀት የሚከበርበት ሜዳ ነው። አባቴ ጥላቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው መጡና በበዓሉ ቀን ወረብ ሲወርቡ በሚቆሙበት ቦታ፣ ከድንጋዩ ካብ አጠገብ ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረው ሕዝብ በአክብሮት ዞር አለላቸው፤ ስድቡም ከዚያ ጥግ ራቅ ብሎ ቀጠለ።

ንፋስ መውጫ ስሟ በከንቱ አልወጣላትም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከገደሉ ሲነሣ ኳስ ወደ ላይ የሚመታ ሰው ኳሱን ስጦታ እንደሰጠ ይቆጠራል። እዚያ ያደገ ሁሉ ይህን የሚያውቀው ፊደል ሳይቆጥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን አጋማሽ በመስመሩ እየሮጥኩ ሁሉንም መሬት ለመሬት ነበር የማሻማው። ከእነዚያ አንዱ ጓደኛዬ ጉልበት ላይ ነጥሮ ገባ። እንዳሰበበት ሰው እጆቹን ዘርግቶ ሜዳውን ዞረ። አንድ ለዜሮ። ጋይንቶች ተሸከሙኝ።

እረፍት ሲሆን ከሜዳው መሐል ቆሜ ማሊያዬን አወለቅኩና የስማዳን አጠለቅኩ። ጠበበኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ መጀመሪያ ጸጥ ያለው ያን ጊዜ ነበር። ከዚያ አንዱ ከጋይንት ወገን «ምሥጢራችንን ይዞ ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «በሽማግሌ የተፈረደ ነው፣ ዝም በል!» አለው። «የተፈረደው እንዲጫወት እንጂ እንዲያገባብን አይደለም!» መለሰ የመጀመሪያው።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት ኳስ ያቀበለኝ የጋይንቱ ተከላካይ አሁን ሊይዘኝ ፊቴ ቆመ። «ዛሬ ያደረግከውን ሁሉ አይቻለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ዛሬ ያላደረግኩትን ማድረግ ነበረብኝ። እስከዚያ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነበር የማልፈው፤ አንዴ ወደ ውስጥ ቆረጥኩና ዝቅ አድርጌ መታሁት። ገባ። አንድም ሰው አላጨበጨበም። ጋይንቶች ተናደዱ፤ ስማዳዎች ለጋይንት ልጅ ማጨብጨብ ተገቢ መሆኑን ገና አልወሰኑም ነበር። የእስቴው ፊሽካ ብቻ ተሰማ። በኋላ በብዙ ከተማ ግብ አግብቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ጸጥታ ውስጥ ያገባሁት ግን የለም።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀና ወደ መለያ ምት ተሄደ። ይህን ማንም አላሰበበትም። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። «ለእኛ ይምታ» ያለ ግን አልነበረም፤ ሁለቱም «ለእነሱ አይምታ» ነበር የሚሉት። የእስቴው መምህር «ለእሱ ፍርዱ አልቋል። ሁለት አጋማሽ ሰጥቷችኋል፣ ይህ ሦስተኛ ነው» ብሎ አሰናበተኝ። ያችን የጠበበች ማሊያ እንደለበስኩ ሄጄ ከአባቴ አጠገብ ካቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«አለቀ?»

«አላለቀም፣ የኔታ። አምስት አምስት ይመቱና ብዙ ያገባው ያሸንፋል።»

«ሳይሮጡ?»

«ሳይሮጡ።»

«ታዲያ እስከ አሁን ለምን ሮጣችሁ?»

ከዚያ በኋላ በብዙ ሊግ ሮጫለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

አባቴ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። «ይኼማ ዕጣ ነው።»

«ዕጣ ማለት ይቻላል።»

«ለሁለቱም እሺ ያልኩት ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ሽማግሌ ላለማሳፈር።»

«ሞኝ። ለአንዱ ብቻ እሺ ብል ይወስዱሃል። እምቢ ብል እየተመላለሱ ያደርቁኛል። ለሁለቱም እሺ ካልኩ ግን ይጣላሉ፤ ሲጣሉ ጨዋታው ይፈርሳል፤ አንተም ወደ ድጓህ ትመለሳለህ።» መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ዳኛው ጠቆሙ። «ያ እስቴ ነው ያበላሸብኝ።»

መናደድ ነበረብኝ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው የዋህ ሲላቸው የከረመው አባቴ የሁለት ወረዳ ሽማግሌዎችን እንደ ቅኔ አስተካክለው እንደዘረፏቸው ስረዳ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«እንግዲህ ለዕጣው እንተወው» አሉ። «ጋይንት ካሸነፈ ድጓውን ጨርሰህ ታስመሰክራለህ፤ ኳስ የሚባል አልሰማም። ስማዳ ካሸነፈ ሂድ። ደብረ ታቦርም፣ ከዚያም ወዲያ ሂድ፤ አልከለክልህም።»

«እሺ» አልኩ። ዘመድ ለማማከር ጊዜ አልነበረም።

እንዲህ ነው በጋይንት ምድር ያደግኩ የጋይንት ልጅ ለስማዳ መጸለይ የጀመርኩት። አባቴ ደግሞ ኳስ አይተው የማያውቁት ሰው ከሁለተኛው ምት ጀምሮ ቆሙ። «ይኼ የማን ነው?» ይላሉ። «የስማዳ።» «ያውጣው!» ይላሉ። «ይኼስ?» «የጋይንት።» «በርታ! እግርህን አጥና!» አጠገባችን የነበሩት ሰዎች የኔታ ለጋይንት እንዲህ መቃጠላቸው ለአገር ፍቅር መስሏቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ስማዳ አምስቱንም ምት ጨርሶ በአንድ ይመራል። የጋይንት የመጨረሻ ምት ቀርቷል፤ ካገባ ይቀጥላል፣ ከሳተ ያበቃል። ሊመታ የመጣው ጓደኛዬ ነው። ኳሱን አስቀመጠ፣ አንሥቶ አቧራውን ጠረገ፣ እንደገና አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ መሐል ሜዳ ሊደርስ ሆነ። ነፋሱ ከገደሉ ሲነሣ የአባቴ ጥላ ተገለበጠች። ሮጦ መጣና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ መታው። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ፣ ከሕዝቡ በላይ፣ ከካቡ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ በላይ ሆኖ ሄደ። ገደል ሳይገባ አልቀረም፤ ማንም አላገኘውም።

አባቴ የተገለበጠች ጥላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ። «ንፋስ መውጫ ተወልዶ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፦ «ቃል ነው። ሂድ።»

ሄድኩ። ደብረ ታቦር ላይ አንድ አሰልጣኝ አየኝ፤ የቀረውን ከላይ ተናግሬዋለሁ። ጉልበቴ በቃኝ ሲል ተመልሼ ንፋስ መውጫ ገባሁ። አገባሁ፣ መጻፍ ጀመርኩ፣ አሁንም እየጻፍኩ ነው። ባለፉት ዓመታት ሁሉ ቤተ ልሔም ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር አባቴ የጠየቁኝ ስለ ወልድያ ወይም ስለ ነቀምት አልነበረም። «ያ ልጅ ዝቅ አድርጎ ቢመታው ኖሮ» ይላሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በአገሪቱ ካሉት ደጋፊዎች ሁሉ በአንድ ምት ይህን ያህል ዘመን ያዘነ ከእሳቸው በቀር አላየሁም።

ጓደኛዬ ዛሬ የባጃጅ መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ አለው። ያን ዘመን ሁሉ የኔታን ይሸሻቸው ነበር፤ በአንድ መንገድ ሲመጡ ካየ በሌላ ይገባል። ዘንድሮ ለደብሩ ዓመታዊ በዓል እየጎተትኩ ወሰድኩት። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አሁንም ከጎጆ ማዶ የሳተ ዜማ ያርማል። ከደጃቸው ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ይኼ ማነው?»

«ያ ወደ ላይ የመታው ነው፣ የኔታ።»

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አባቴ እጁን ያዙና አልለቅም አሉ።

«ነፋስ እንዳለ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ልጅዎን አየሁት። ከእርስዎ አጠገብ ተቀምጦ እጁን እንዲህ አድርጎ...» እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ አሳየ፤ ለማያዩት ሰው። «ስማዳ እንዲያሸንፍ ሲለምን ያስታውቅ ነበር። አሳዘነኝ። ሆን ብዬ ነው የሳትኩት።»

አንድም ቃል አላመንኩትም። ይህን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሆን ብሎ የሳተው ነገር የለም፤ የሳተውን ሁሉ የሳተው ከልቡ ነው። አባቴ ግን ቀና አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ሁለቱ ወገኖች በእኔ ሲጣሉ በከረሙበት ሰሞን ብቻ ነበር።

«እንግዲያው ዕጣ አልነበረም» አሉ።

«የኔታ?»

«ሰው እግሩን ያስገባበት ዕጣ ፈራሽ ነው። ዕጣው ከፈረሰ ውሉም ፈርሷል። አንተ ከጉባኤዬ ሳይፈቀድልህ ነው የወጣኸው።» በመቋሚያቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ፤ የታመመውን። «ካቆምክበት ትጀምራለህ።»

«የኔታ፣ ሸበትኩ እኮ።»

«ድጓ ጥቁር ፀጉር ይላል እንዴ?»

ጓደኛዬ እየሳቀ «እንግዲህ ሽማግሌ ልላክልዎት?» አላቸው። «ላክ» አሉ አባቴ። «ዛሬ ግን መልስ አልሰጥም፤ ዘመድ አማክራለሁ።»

ይኸው እየሄድኩ ነው። ሚኒባሱ እስከሚያደርሰኝ እሄድና የቀረውን በእግሬ እጨርሳለሁ፤ ጉልበቴ እያጉረመረመ፣ እኔ ደስ ብሎኝ። በጉባኤው ከግራ በኩል፣ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ የመስመር ሰው መሐል ሲቀመጥ ይጨንቀዋል። ሻይ ቤት ያሉት አዛኞቼ ይህን ሲሰሙ ደግሞ አዲስ ሐዘን ጀምረዋል፤ እኔም እንደ ልማዴ ራሴን እነቀንቅላቸዋለሁ። ያቆምኩበትን ገጽ አገኘሁት። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሳላውቀው ከፍ ይልብኛል። አባቴ ከጎጆው ውስጥ ሆነው ይሰሙኛል፣ መቋሚያቸው መሬት ሲመታ እሰማለሁ።

«ዝቅ አድርገው» ይላሉ። «ዝቅ! አንተም እንደዚያ ልጅ ልትሆን ነው?»